የተዋስናቸው አያቶች

በቤታችን ድግስ የሚደገሰው ዓርብ ነው። ምርቃትም ይሁን ልደት፣ ከሩቅ የመጣ ዘመድም ይሁን አዲስ የተገዛ ባጃጅ፣ ቀኑ ዓርብ ነው። ሌላው ሰው እንግዳ ለመጥራት የፍስክ ቀን ሲጠብቅ እኛ ጾም እንጠብቃለን። በዚህም በመተማ ዮሐንስ ጥሩ ስም አትርፈናል። አንድ እሑድ ቄሱ ስለ ጾም ሲያስተምሩ «ሲደግሱ እንኳ ከጾም የማይወጡ ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ» ብለው ወደኛ ተመለከቱ። እናቴ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ መሬት መሬት አየች። ሰዉ ትሕትና መሰለው።

የኛ ጉዳይ ግን ቢላዋ ነው። እናቴና አባቴ ክርስቲያኖች ናቸው። አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳን ጋላባት፣ ነጋዴ አግብታ ሰልማለች። አያቴ፣ የሁለቱም እናት፣ በቤተ እስራኤል ቤት ተወልዳ ካደገች በኋላ ክርስትና የተነሣች ናት። እኛ ያረድነውን አክስቴና ባሏ አይበሉም፤ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፤ አያቴ ደግሞ የማንንም አትበላም። ምስር፣ ሽሮና ባሚያ ግን በማን እጅ እንደታረዱ የሚጠይቅ የለም።

ዓርብ ይሁን ብሎ የወሰነ ሰው የለም፤ አክስቴ ካገባች ወዲህ ቀስ በቀስ እንዲሁ ሆነ። እኛ እንጾማለን። የአክስቴ ባል ከጁምዓ ሶላት ጀላቢያውን እንደለበሰ በቀጥታ ይመጣል። አያቴ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ተበልቶ፣ ዕቃው ታጥቦ፣ እሳቱ ጠፍቶ ካላየች አይሆንላትም። ስለዚህ የኛ ድግስ ሞቅ ማለት ሲጀምር ያልቃል። እንግዶቹም «እንዴት ያለ ሥርዓት ያለው ቤት ነው» እያሉ ይሄዳሉ።

አያቴን እምዬ ነው የምላት። ልጅ ሳለሁ ስለ እምዬ የማውቀው ሁለት ሕመም ነበር። ሥጋ ሆዷ አይቀበልም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ራሷን ያማታል። ቅዳሜ እሳት አትነካም፣ ውሃ አትቀዳም። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ከቤቱ ጀርባ ኒም ዛፍ ሥር በጠፍር አልጋዋ ላይ ትጋደማለች። ጀንበር ስትጠልቅ ሕመሙ ያለ መድኃኒት ለቅቋት ትነሣለች። ለረጅም ጊዜ ቅዳሜ የሚባለው ቀን ራስ የሚያምበት ቀን ይመስለኝ ነበር። ሆዷም እንግዳ ሆድ ነው፤ በግ አይቀበልም፣ ዶሮ አይቀበልም፣ ከሽንፋ ወንዝ የመጣ ዓሣ ግን እስከ ጭንቅላቱ ይቀበላል። ዓሣ አራጅ አይፈልግማ። ያኔ ግን ይህንን ከዚያ ጋር ማገናኘት አላውቅበትም ነበር።

ያገናኘሁት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስማር ነው። አንድ ቀን ከዶርም ጓደኞቼ ጋር የድሮ የቤተ እስራኤል መንደር ወደሆነው ወለቃ ወጣን። መንገድ ዳር ሸክላ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። አንዷ ለጎብኚዎች ስለ መንደሩ የድሮ ሰዎች ታስረዳለች፤ «ቅዳሜ እሳት አይነኩም ነበር፤ ሌላ ሰው ያረደውንም አይበሉም ነበር» አለች። ጓደኞቼ ፎቶ ይነሣሉ። እኔ ትንሽ የሸክላ አንበሳ በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

«ትገዢዋለሽ ወይስ ታሞቂዋለሽ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

ገዛሁት። ለዕረፍት ወደ መተማ ይዤው ተመለስኩ፤ እምዬን ለመጠየቅ ድፍረት እስካገኝ ግን የዕረፍቱ ግማሽ አለቀ። እኔ ሰው ፊት ቃል የሚጠፋብኝ ሴት ነኝ። በመጨረሻ ሳልናገር አንበሳውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። አነሣችው፣ ገለበጠችው፣ ሆዱን በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው።

«ጭቃው ጥሩ ነው» አለች። «ሲያቃጥሉት ግን ቸኩለዋል። እናቴ ብታየው ታፍር ነበር።»

«እናትሽ ሸክላ ትሠራ ነበር?»

«ታዲያ በምን የምንበላ መስሎሽ ነው?»

እኔ ምስጢር የምሰማ መስሎኝ ተጠግቼ ተቀመጥኩ፤ እሷ የጎረቤት ወሬ የምታወራ ያህል እግሯን ዘርግታ ነገረችኝ። ልጃገረድ ሳለች ቤተሰቧ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ሱዳን ይጓዝ ነበር። እዚህ ቆላ ሲደርሱ ሽንፋ አካባቢ ወባ ጣላት። መራመድ አቃታት። የሰሊጥ አርሶ አደር የሆኑ ክርስቲያን ባልና ሚስት ቤታቸው አስገቧት። ወላጆቿም «ሲሻልሽ ትደርሺብናለሽ» ብለዋት ሄዱ። ሲሻላት መንገዱ ተዘግቶ ነበር። እስኪከፈት ትጠብቅ ጀመር፤ ስትጠብቅ የባልና ሚስቱ ልጅ አሳቃት።

«አሳቀኝ፣ አሳቀኝና አገባኝ» አለች። «አንቺ የወባ ልጅ ነሽ ማለት ነው። ወባ ባትይዘኝ የት ትገኝ ነበር?»

እሷ ክርስትና ተነሥታ፣ አያቴ የሆነው ወጣት ሊያገባት ሲል ግን አንድ ችግር መጣ። በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ የሁለቱም ወገን አያት ቅድመ አያት እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከሰባት በታች አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ዘመዳሞች ናቸው፤ አይጋቡም። የእምዬን ቤት ማን ይቁጠር? የራሷን ብትናገር፣ በዚያን ጊዜ ሰዉ ስለነሱ የሚያወራው ብዙ ነው። የክርስትና አባቷ ከበለሳ ወርደው ሽንፋ የሰፈሩ ልጅ የሌላቸው ሰው ነበሩ። «ሰው ያለ አያት አይዳርም» አሏት። «የኔን ውሰጂ። እኔ ምን አደርግባቸዋለሁ?» ሰሊጥ ሲታጨድ ማሳው ዳር አስቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ድረስ አያቶቻቸውን አስጠኗት።

«ወንፊት እንደሚዋሱት ተዋስኳቸው» አለች እምዬ። «መመለሱን ማን ያስታውሳል?»

እናቴ በነዚያ አያቶች ተዳረች። አክስቴ እንኳ ሙስሊም ስታገባ በነሱ ተቆጠረች። እኔም አድጌ ሳጠናቸው የራሴ ናቸው ብዬ ነው፤ አንዱን እንዲያውም ስሙ ደስ ስለሚለኝ እወደው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላም ቤታችን ውስጥ ምንም አልተለወጠም። ድግስ ዓርብ ነው፣ ቅዳሜ ራስ ያማል። የተለወጠው እኔ ስለ እምዬ ሕመም ስጠየቅ ፊቴ መቅላቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደራሴ ጉዳይ ልምጣ። የምሠራው ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጣት እወጋለሁ። አንድ የመኸር ወቅት ከአብደራፊ አንድ የትራክተር መካኒክ ትኩሳት ይዞት መጣ። እጁ ላይ ያለው ግራሶ በአልኮል ተጠርጎ አልለቅ አለኝ።

«ያማል?» አለኝ መርፌውን እያየ።

«አዎ» አልኩት።

ሌላው ሰው ሁሉ አያምም ስለሚለው ይህ መልሴ ደስ አሰኝቶት ነበር፤ የነገረኝ በኋላ ነው። ወባ አልነበረበትም። እንደገና መጣ፤ ትኩሳት የለውም፣ «ለማንኛውም ይታይልኝ» አለ። ሌላም ጊዜ መጣ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ይሄ ሰው ደሙን ሊጨርስ ነው፤ ወይ አግቢው ወይ ተይው» አለችኝ። እንጋባ ሲለኝ ስለ ቢላዋው፣ ስለ ቅዳሜውና ስለ ተዋስናቸው አያቶች ሁሉ ነገርኩት። ሳቀ፣ ከዚያ አሰበ። «የኔ ቤት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም» አለ። «መጀመሪያ ይቁጠሩና ይስማሙ፤ ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን።» ቀስ ማለት ለኔ የተሰጠ ነገር ስለሆነ ተስማማሁ። ሁለታችንም ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። የሱም ቤተሰብ ወደ አብደራፊ የወረደው ከበለሳ ነው።

ሽማግሎቹ ለዓርብ ተቀጠሩ። ሦስት ነበሩ። የመካኒኩ አያት ወንድም፣ በቤተሰቡ ውስጥ ትውልድ በመቁጠር የታወቁ ሽማግሌ፤ አንድ መሪጌታ፤ እና አንድ ቀጭን አጎት። መካኒኩ ደንቡ ስለማይፈቅድለት ከቤታችን ትንሽ ራቅ ብሎ መንገድ ዳር ባጃጅ ውስጥ ተቀምጧል። እኔም ደንቡ ስለማይፈቅድልኝ ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ውስጥ ነኝ። እምዬ አጠገቤ በሰፌድ ሰሊጥ ትለቅማለች። ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌያለሁ።

በራፉ ላይ የተቀበላቸው የአክስቴ ባል ነው። ማዶ ጦርነት ከመጣ ወዲህ ከአክስቴ ጋር እኛው ከተማ ይኖራል፤ እንግዳ የሚመጣበት ቀን አያመልጠውም።

«አህለን፣ አህለን! ግቡ!» አለ። ጀላቢያውን አይተው ቆም ሲሉ ሳቀ። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ቤቱ ይኸው ነው። እኔ የቤቱ አማች ነኝ።»

በየብርጭቆው ቀይ ከርከዴ ቀረበላቸው። ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰሊጥ ዋጋ፣ ስለ መንገዱ ሰላም ተጠያየቁ። ከዚያ መቁጠር ተጀመረ። አባቴ የሒሳብ መምህር ነው፤ ያለ ስህተት ለመጥራት ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመድ ከርሟል። የራሱን ወገን ጨረሰ፤ አልተገናኙም። የእናቴን አባት ወገን ጨረሰ፤ አልተገናኙም።

«ስንት ደረሱ?» የሚል መልእክት ከባጃጁ መጣ።

«የእምዬ ቀርቷል» ብዬ ጻፍኩ።

አባቴ የተዋስናቸውን መጥራት ጀመረ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ የኛ አይደሉም። መጀመሪያ የክርስትና አባቷን፣ እንደ ወላጅ አባቷ አድርጎ። ቀጥሎ የሳቸውን አባት። ቀጥሎ አያታቸውን።

«ቆይ! ቆይ!» አሉ ቆጣሪው ሽማግሌ። «ድገመው እስቲ።»

አባቴ ደገመው።

«የበለሳው? ያ ጠጅ ሲጠጣ የሚያለቅሰው?»

«ይህን እንኳ አላውቅም» አለ አባቴ።

ወንበር ሲገፋ ሰማሁ። ሽማግሌው ተነሥተው ነበር። «እሰይ! እሰይ! እሱኮ የኔም አያት ነው! ሰውዬው ደግሞ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ወደ ቆላ ወርዶ ጠፋ ያልነው! ልጅ ወልዷል? ወልዶ ነው የሞተው?» በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ፤ አባቴን አቅፈው ትከሻውን ይስማሉ። አባቴ እንደ ጠመኔ ነጥቶ ቀጥ ብሏል። «በልጅነቴ አዝሎኝ ወንዝ ያሻገረኝ ሰው ነው! ዘር የለውም ብለን ተውነው፤ ይኸው ቤት ሞልቷል!»

ስልኬ ብልጭ አለ። «ምንድን ነው ጩኸቱ?»

«ዘመድ ተገኘ» ብዬ ጻፍኩ።

«ደስ ይላል! የማን?»

«የኔና ያንተ።»

ስልኩን ጉልበቴ ላይ ደፋሁት። ሳሎን ውስጥም ደስታው ቀስ እያለ ቀዘቀዘ። መሪጌታው ጣታቸውን እየቆጠሩ «በሷ በኩል አምስት፣ በልጁ በኩል አራት» አሉ። «ወንድምና እህት ናቸው። ጋብቻው ቀረ ማለት ነው።»

«ቀረ» አሉ ቆጣሪው፣ አሁንም አባቴን እንደያዙ። «ምን ይደረጋል፣ ቀረ። ግን ዘመድ አገኘን!»

ጓዳ ውስጥ እምዬ ሰሊጧን መልቀም አቁማ ነበር። ምን ልታደርግ እንደሆነ ገብቶኛል። መንደር ሙሉ የማያውቀውን፣ ባሏ ከሞተ በኋላ ጮክ ብላ ተናግራው የማታውቀውን ነገር ልትናገር ነው። ክንዷን ያዝኩ።

«እምዬ፣ ተይው» አልኳት በሹክሹክታ። «ይቅርብኝ።»

«ምኑ?»

«እሱ።»

«እንዲህ በቀላሉ የሚቀር ከሆነ ያንን ሁሉ ደም ለምን ቀዳሽው?»

«ከነገርሻቸው ይሄዳሉ።»

«ካልነገርኳቸውም ይሄዳሉ። ከሄዱ አይቀር ሰምተው ይሂዱ።» ሰፌዱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «እንዳይደፋ» አለችና መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

ሽማግሌው ሲያዩዋት እጃቸውን ዘረጉ። «የወንድሜ ልጅ! ነዪ፣ ነዪ ልሳምሽ!»

እምዬ እጅ ነሣች፤ ግን አልቀረበችም። «አባቴ፣ አያቶችዎን ልመልስልዎት ነው የመጣሁት» አለች።

ሽማግሌው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

«የክርስትና አባቴ አውሰውኝ ነው። ይኸው እስከዛሬ በደህና ይዣቸዋለሁ። ልጆቼን ድረውልኛል፤ እግዜር ይስጣቸው። አንድም አልጎደሉም፤ ይቁጠሯቸው።»

ከዚያ ተቀምጣ፣ እኔ ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ የነገረችኝን ሁሉ፣ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ወዴት ሲሄዱ እንደነበር፣ ማን እንዳስቀራት ነገረቻቸው። ቃል አላሳመረችም። ስትጨርስ መጀመሪያ የሰማሁት የብርጭቆ ድምፅ ነው። ቀጭኑ አጎት ከርከዴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በጣቱ ገፋ አደረገው። ለመሪጌታውም ወደ ጆሮአቸው ዘንበል ብሎ አንድ ቃል ተናገረ። ቃሉን አልሰማሁትም፤ ግን የትኛው ቃል እንደሆነ በዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ትበላለች ማለቱ ነው።

እምዬም አውቃዋለች። «ጠጣ ልጄ» አለችው። «እኔ ሥጋ እንደማልበላ መተማ ሁሉ ያውቃል። ብበላስ፣ ካንተ ላይ ምን ይገኛል?»

የአክስቴ ባል ሳቁ አመለጠው። «ዋላሂ!» አለ ጉልበቱን እየመታ። መሪጌታውም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ቀጭኑ አጎት ግን አልሳቀም፤ አልጠጣምም።

«ኸላስ፣ አለቀ» አለ የአክስቴ ባል። «ዝምድናው ፈረሰ፤ እንግዲህ ጋብቻው ተነሣ።»

«አልፈረሰም!» አሉ ቆጣሪው ሽማግሌ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር፤ ያገኙትን ዘመድ በአንድ ከርከዴ ዕድሜ አጥተውታል። «የክርስትና ልጅም ልጅ ናት። ወንድሜ ካነሣት ልጁ ናት።»

«ልጁ ከሆነች ጋብቻው ቀረ» አሉ መሪጌታው።

«ጋብቻው ለምን ይቀራል?»

«ሰውዬ፣ አንዱን ይምረጡ እንጂ!»

«ለምን እመርጣለሁ? መጽሐፉ ምን ይላል? የክርስትና ልጅነት ከልጅ ልጅ ይደርሳል?»

መሪጌታው ብዙ አሰቡ። እኔ ጓዳ ውስጥ ሰፌዱን እንደ ታቦት ይዤ ተቀምጫለሁ። «እስከ ልጅ ልጅ የሚያግድ አላየሁም» አሉ በመጨረሻ። «ግን እኔ ያላየሁት ብዙ ነው።»

ሽማግሌው ወደ እምዬ ዞሩ። «የራስሽስ?» አሏት። «የራስሽ አያቶች የሉሽም?»

«የራሴማ አሉኝ። ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም እንጂ።»

«እስቲ ጥሪያቸው።»

ጠራቻቸው። አባቷን፣ የአባቷን አባት፣ ቀጥ ብላ ወደ ላይ፣ ሰባት ሞልታ። አንዱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ሌላው በመንደራቸው ጸሎት መሪ፤ አንዱ ማጭድ ሲሠራ እየዘፈነ ጎረቤት የሚያስቸግር። እነዚህን ሰዎች በሕይወቴ ሰምቻቸው አላውቅም፤ ሁሉም የኔ ናቸው። የእናቴን እናት አባት ስም ለራሴ በቀስታ ጠራሁት፤ አንደበቴ ላይ እንግዳ ሆነ። ያን ደስ የሚል ስም ያለውን የበለሳ አያት ደግሞ በዚያች ቅጽበት ለባለቤቱ አስረከብኩ፤ ትንሽ ቅር አለኝ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። ከራሳቸው ወገን ጋር እያስተያዩ እንደሆነ ከከንፈራቸው ያስታውቃል። «የትም አልተገናኘንም» አሉ። ደስ ይበላቸው ይክፋቸው አልታወቀም። ሌላ ነገር ሊናገሩ ሲሉ እምዬ በመስኮቱ አሻቅባ አየች።

«ፀሐይ ልትገባ ነው» አለች። «በሉ፣ ዕቃ ይታጠብ።»

ሽማግሌ ሲላክ መልስ የሚሰጠውም ሆነ ቀጠሮ የሚይዘው ወንድ ነው። ያን ቀን ግን እምዬ ብርጭቆ መሰብሰብ ስትጀምር ሦስቱም ተነሥተው ቀጠሮ ሳይያዝ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ከአብደራፊ መልስ ጠፋ። አባቴ ያለ ምክንያት ሲቆጥር ይሰማል። መካኒኩ ጤና ጣቢያ መጥቶ ጣቱን ዘረጋልኝ። «ቤት ውስጥ እየተንጫጩ ነው» አለ። «አጎቴ አይሆንም ብሏል፤ እናቴ ልጁ ከፈለጋት ምን አገባችሁ ትላለች። ሽማግሌው ግን ምንም አልተናገሩም። ሳይናገሩ የሚሆን ነገር የለም።» ጣቱን ሳልወጋ መለስኩለት። እምዬን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። በኔ ምክንያት ምስጢሯን አውጥታ እኔም ያልተዳርኩ እንደሆነ፣ ለምን ነበር ታዲያ?

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቆጣሪው ሽማግሌ ብቻቸውን መጡ። ከአብደራፊ በጭነት መኪና ገቢና ተጭነው ነው የመጡት፤ ልብሳቸው አቧራ ለብሷል። እምዬ ኒሙ ሥር ተጋድማለች። ወንበር አቀረብኩላቸውና እንደ ልማዴ ከግድግዳው ጥግ ቆምኩ።

«ራስሽን ያምሻል አሉኝ» አሏት።

«ዛሬስ አላመመኝም» አለች እምዬ ቀና ብላ። «ሰንበት ነው።»

ይህን ቃል ቅዳሜ ቀን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሽማግሌው እንግዳ ነገር እንደሰሙ አልሆኑም፤ አቧራቸውን አራገፉና «እሺ፣ እንግዲያው እሳት አታንድዱልኝ» አሉ። ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኋቸው።

«የመጣሁት ስለ ወንድሜ ልጠይቅሽ ነው» አሉ። «እኔ የማውቀው ወንዝ ያሻገረኝን ልጅ ነው። ሽማግሌ ሆኖ ምን ይመስል ነበር?»

«እንደ እርስዎ ግትር» አለች እምዬ።

«ያለቅስ ነበር? ጠጅ ሲጠጣ?»

«ጠጅ እዚህ የት ይገኛል? አረቄ ሲጠጣ ያለቅስ ነበር።»

ሽማግሌው ጮክ ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እምዬ እስከ ቀትር ነገረቻቸው። የክርስትና አባቷ የት ያርሱ እንደነበር፣ ምን ይወዱ እንደነበር፣ የት እንደተቀበሩ፣ ሲሞቱ ማን ውሃ እንዳቀረበላቸው። ያቀረበችው እሷ ናት። ስለ ሰርግ አንድም ቃል አልተነሣም። ሊሄዱ በራፉ ጋ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ፤ ያኔ ጥግ ላይ መቆሜን እንደሚያውቁ ገባኝ።

«አንድ ነገር» አሉ። «ዓርብ ቀን ሰርግ የሚባል አልሰማንም። እሑድ ይሁን።»

እሑድ ሆነ። አባቴ በሬ ጣለ። የአክስቴ ባል ለወገኖቹ ከግቢው ማዶ በሌላ ዳስ ፍየል አረደ፤ «እዚህ የሚጠባበሰው ይበልጣል» እያለ የኛን እንግዶች ያናድዳል። ቀጭኑ አጎት አልመጣም። መካኒኩ ሙሽራ ሆኖም ግራሶው ከጥፍሩ ሥር አልለቀቀም።

በሁለቱ ዳሶች መካከል፣ ጥላ ባለበት፣ ለእምዬ ትንሽ ጠረጴዛ ቀርቦላት ነበር። ከሽንፋ የመጣ ዓሣ በትሪ ሙሉ። ከመድረኩ ላይ ሆኜ አየኋት። ቆጣሪው ሽማግሌ የተሰጣቸውን የክብር ቦታ ትተው፣ ጥብሱን ትተው፣ አጠገቧ ተቀምጠዋል። እሾህ እያወጡ በሁለተኛው እጃቸው ጣት ይቆጥራሉ።

ቪዲዮ የሚያነሣው ልጅ ዘመድ ለፎቶ ሲሰበስብ እኔም ወደ ጠረጴዛው ወረድኩ። ሽማግሌው ፎቶውን ትተው የእምዬን አያቶች ይጠሩ ነበር፤ አራተኛው ላይ ተሳሳቱ።

«እሱ ልጁ ነው እንጂ አባቱ አይደለም» አለች እምዬ። «እንደገና ከታች ይጀምሩ።»

«ቆይ እስቲ አትቸኩዪ። እነዚህ ሙሽሮች ሲወልዱ የልጆቻቸውን የእናት ወገን ማን ሊቆጥር ነው? እኔ አይደለሁም?» እንደገና ከታች ጀመሩ። አባቷን ጠሩ፣ አያቷን ጠሩ፣ ብረት ቀጥቃጩ ላይ ደርሰው ቆሙና ወደ እኔ ቀና አሉ። «ሙሽሪት፣ አንቺስ ታውቂዋለሽ?»

ሰው በተሰበሰበበት ድምፄ አይወጣም። ያን ቀን ግን ስሙን ነገርኳቸው።